የግድፈት ሚዛን፦ «ጆዝ» በተሰኘው ፊልም ስሕተቶች ላይ የቀረበ ሂሳዊ ቅኝት

1. መግቢያ

በሥነ ጽሑፍ ሂስ ትምህርት ውስጥ በተደጋጋሚ የሚያጋጥም አንድ ልማድ አለ። ተማሪው አንድ ልቦለድ አንብቦ ሂስ እንዲጽፍ ሲታዘዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው የስሕተት ዝርዝር ነው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጠይም የነበረችው ገጸ ባሕርይ በአሥረኛው ምዕራፍ ቀይ ሆና መገኘቷን፣ ማክሰኞ የተጀመረው የሁለት ቀን ጉዞ ቅዳሜ መጠናቀቁን፣ በክረምት የበሰለ እሸት መኖሩን ይለቅምና ሥራው «ደካማ ነው» ብሎ ይደመድማል። ለቀማው ትክክል ሊሆን ይችላል። ድምዳሜው ግን ከለቀማው አይከተልም። በግድፈቱና በድምዳሜው መካከል ሊቆም የሚገባው ሚዛን የለምና።

የዚህ መጣጥፍ ዓላማ ያንን ሚዛን መፈለግ ነው። ለመፈተሻ የተመረጠው ሥራ የጽሑፍ ልቦለድ ሳይሆን ፊልም ነው፤ ይኸውም እ.ኤ.አ. በ1975 ለሕዝብ የቀረበው፣ በስቲቨን ስፒልበርግ ዳይሬክተርነት የተሠራው «ጆዝ» (መንጋጋ እንደ ማለት ነው) የተሰኘው የሻርክ ፊልም ነው። ይህ የተመረጠበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ፊልሙ የተመሠረተው ፒተር ቤንችሊ በ1974 ባሳተመው ልቦለድ ላይ በመሆኑ ለሥነ ጽሑፍ ተመራማሪ ባዕድ አይደለም። ሁለተኛ፣ በስሕተቶቹም ሆነ ከካሜራው በስተጀርባ በደረሱበት አደጋዎች የዚህን ያህል የተነገረለት ፊልም ጥቂት ነው። ነገር ግን የሚነገረው በአብዛኛው ለመዝናኛ ነው፤ ግድፈቶቹ አንድ በአንድ ተመዝነው ምን ያህል እንደሚከብዱ ሲጠየቅ አይሰማም። (ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩን በአጭሩ ለማስታወስ፣ አሚቲ በምትባል የመዝናኛ ደሴት አንድ ነጭ ሻርክ ዋናተኞችን መግደል ይጀምራል። የፖሊስ አዛዡ ብሮዲ የባሕር ዳርቻው እንዲዘጋ ቢፈልግም፣ የከተማው ከንቲባ የበጋው ገበያ እንዳይቀዘቅዝ በመስጋት ይከለክለዋል። ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ ብሮዲ፣ የባሕር ሳይንቲስቱ ሁፐርና አሮጌው አጥማጅ ክዊንት «ኦርካ» በተባለች ጀልባ ሻርኩን ለማደን ይወጣሉ።

2. የአርስቶትል ሚዛን

ጥያቄው አዲስ አይደለም። አርስቶትል «ፖየቲክስ» በተሰኘው ሥራው ሃያ አምስተኛ ምዕራፍ ላይ በኪነ ጥበብ ውስጥ የሚገኝ ስሕተት ሁለት ዓይነት መሆኑን ያስረዳል። አንደኛው የጥበቡ የራሱ ስሕተት ነው፤ ይህም ደራሲው ሊያሳይ የፈለገውን ለማሳየት አቅም ሲያጣ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ከጥበቡ ውጭ የሆነ፣ ማለትም ስለ ሕክምና ወይም ስለ እንስሳት ባለማወቅ የሚመጣ ስሕተት ነው። ለዚህም ምሳሌው ታዋቂ ነው። ሴት አጋዘን ቀንድ እንደሌላት ሳያውቅ ቀንድ ያበጀላት ሠዓሊ፣ አጋዘንን የማትመስል አጋዘን ከሣለው ሠዓሊ ይልቅ ጥፋቱ ያነሰ ነው።

ብዙዎች ከዚህ ምሳሌ ላይ ይቆማሉ፤ «እንግዲያው ስሕተት ይፈቀዳል» ብለውም ይደመድማሉ። አርስቶትል ግን እዚያ አልቆመም። የማይሆነው ነገር የጥበቡን ዓላማ ካሳካ፣ ማለትም አድማጩን ይበልጥ ካስደነቀ፣ ስሕተቱ ይታለፋል ይላል። ያው ዓላማ ያለ ስሕተቱ በእኩል ወይም በተሻለ መንገድ ሊሳካ ይችል ከነበረ ግን ስሕተቱ አይታለፍም። ይህ ሁለተኛው ሐሳብ ከመጀመሪያው የበለጠ ጠቃሚ ነው። ምክንያቱም የሚጠይቀው «ስሕተቱ ምን ያህል ትልቅ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ስሕተቱ ያስፈልግ ነበርን?» ብሎ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የ«ጆዝ»ን ግድፈቶች በዚህ ሚዛን ላይ እናስቀምጣለን።

3. ያልሠራው ማሽን

ከግድፈቶቹ በፊት ግን ስለ ሥራው ሂደት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ፊልሙ የተቀረጸው በማሳቹሴትስ ግዛት በምትገኘው በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ላይ በ1974 ነው። በዚያን ጊዜ ስፒልበርግ ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። ቀረጻው በ55 ቀናት እንዲያልቅ ታቅዶ 159 ቀናት ወሰደ፤ ወጪውም ከእጥፍ በላይ አሻቀበ። ለዚህ ዋናው ምክንያት በሰው ሠራሽ ገንዳ ሳይሆን በእውነተኛ ባሕር ላይ ለመቅረጽ መወሰኑ ነበር። ሻርኩን የንድፍ ባለሙያው ጆ አልቬስ ነደፈው፤ ቦብ ማቲም ሠራው። ማቲ እ.ኤ.አ. በ1954 ለቀረበ የዲዝኒ ፊልም ግዙፍ የባሕር አውሬ ሠርቶ የተመሰገነ ሰው ነበር። ርዝመታቸው 7 ሜትር ተኩል ያህል የሆነ ሦስት ማሽኖች ተዘጋጁ፤ የፊልሙ ሠራተኞችም በዳይሬክተሩ ጠበቃ ስም «ብሩስ» ብለው ጠሯቸው። ነገር ግን ማሽኖቹ የጨው ውሃን አልቻሉም። ሰመጡ፣ ዛጉ፣ ተበላሹ። «ኦርካ»ም ራሷ በአንድ ወቅት ካሜራውን እንደያዘች ሰጥማለች።

ሻርኩ በቦታው ባለመገኘቱ ምትክ ተፈለገለት። በመጀመሪያው ትዕይንት የምትሞተው ወጣት በማይታይ ኃይል ወዲያና ወዲህ ስትጎተት እንጂ ሻርኩ አይታይም። በሌላ ትዕይንት ሁለት ሰዎች ወደ ባሕሩ በተዘረጋ የእንጨት ርብራብ ላይ ቆመው ሥጋ በማጥመጃ ሲጥሉ፣ ርብራቡ ተገንጥሎ ወደ ባሕሩ ይሄዳል፤ ከዚያም ተንሳፋፊው እንጨት ቀስ ብሎ ዞሮ ወደ ዋኙ ሰው ይመለሳል። ተመልካቹ የሚያየው እንጨት ነው፤ የሚፈራው ግን ያላየውን ነው። በመጨረሻም በሻርኩ አካል ላይ በጦር የተሰኩት ቢጫ በርሜሎች የሻርኩ ወኪሎች ይሆናሉ። ሻርኩ ራሱን አጉልቶ የሚያሳየው ፊልሙ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በላይ ካለፈ በኋላ ነው። በሥነ ጽሑፍ ቋንቋ ስንገልጸው ልብ ሰቀላው የተገነባው መረጃን በመከልከል ነው።

ከዚህ በመነሣት «ማሽኑ ባይበላሽ ኖሮ ፊልሙ ባልተዋጣለት ነበር» የሚለው አባባል ተደጋግሞ ይሰማል፤ ስፒልበርግም ራሱ ማሽኑ ቢሠራ ኖሮ ሻርኩን አብዝቶ ያሳይ እንደነበር በተለያዩ ጊዜያት ተናግሯል። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ አባባሉን በግማሽ ብቻ ይቀበላል። አደጋ በር ይከፍታል እንጂ ቤት አይሠራም። በ1987 የቀረበው የዚሁ ፊልም አራተኛ ክፍል የማሽን ሻርክ ነበረው፤ የዚያ ፊልም ሠሪዎች ግን ማሽኑን መደበቅ ሲገባቸው አወጡት፣ ማሽንነቱንም ተመልካቹ ፊት አጋለጡት። በ«ጆዝ» ግን ከጉድለቱ ውስጥ የመረጡ ሰዎች ነበሩ። ኤዲተሯ ቬርና ፊልድስ የትኛው ምስል የት ላይ መቆረጥ እንዳለበት ወሰነች፤ ለዚህም ሥራዋ የኦስካር ሽልማት ተቀበለች። ጆን ዊሊያምስ ሻርኩን በሁለት ኖታዎች ተካው፤ እርሱም ተሸለመ።

ስለ ሙዚቃው አንድ ነገር ማስተዋል ይገባል። ሁለት ልጆች ከካርቶን የተሠራ የሻርክ ክንፍ አስረው ዋናተኞችን ሲያስደነግጡ ሙዚቃው አይሰማም። ሙዚቃው የሚናገረው ሻርኩ በእውነት ሲኖር ብቻ ነው። ይህን ሕግ ተመልካቹ ሳያውቀው ይማራል። ከዚያም ብሮዲ በጀልባዋ ኋላ ደም የነካው ዓሣ እየበተነ ሳለ ሻርኩ ያለ ምንም ሙዚቃ ከበስተኋላው ብቅ ይላል። ሕጉ አስቀድሞ ስለተከበረ ነው መጣሱ የሚያስደነግጠው። በዚያው ቅጽበት ብሮዲን ሆኖ የሚተውነው ሮይ ሻይደር ከዚህች የተሻለች ሰፊ ጀልባ እንደሚያስፈልጋቸው የተናገረው ዝነኛ ቃል በጽሑፉ ላይ ያልነበረ፣ በቀረጻው ወቅት ከራሱ የጨመረው ነው።

4. የተከታታይነት ግድፈት

አሁን ወደ ግድፈቶቹ እንግባ። የመጀመሪያው ምድብ በፊልም ሠሪዎች ዘንድ የተከታታይነት ስሕተት የሚባለው ነው። ሁፐር በብረት ፍርግርግ ቤት ውስጥ ሆኖ ወደ ባሕር የሚወርድበት ትዕይንት ከሁሉ የተሻለ ምሳሌ ይሆናል።

ለዚህ ትዕይንት የተወሰኑት ምስሎች ሮን እና ቫለሪ ቴይለር የተባሉ አውስትራሊያውያን ባልና ሚስት በደቡብ አውስትራሊያ ባሕር ከእውነተኛ ነጭ ሻርኮች ጋር የቀረጿቸው ናቸው። እውነተኞቹ ሻርኮች ከማሽኑ በጣም ያነሱ ስለነበሩ፣ ተለቅ ብለው እንዲታዩ ያነሰ የብረት ቤት ተሠርቶ አጭር ቁመት ያለው ጠላቂ እንዲገባበት ተደረገ። ሆኖም ግን በጥንቃቄ የሚያይ ሰው ሦስት ነገሮችን ያስተውላል። የሻርኩ መጠን ከምስል ወደ ምስል ይለዋወጣል። የማሽኑና የሕያው ሻርክ ቆዳና አፍ አይመሳሰሉም። ከሁሉም በላይ፣ በታሪኩ መሠረት በዚያ ሰዓት በሻርኩ ላይ በርሜሎች የታሰሩ ሲሆን፣ በሕያው ሻርክ ላይ ግን አንድም በርሜል ወይም ገመድ የለም።

ይህ ግድፈት ይታለፋልን? በአርስቶትል ሚዛን ስናየው ይታለፋል ለማለት ይቻላል። በሕያው ሻርክ ላይ በርሜል ማሰር አይቻልም ነበር፤ ምስሉን መተው ደግሞ የትዕይንቱን እውነት መሳይነት ይገድለዋል። ስለዚህ ዓላማው ያለ ግድፈቱ ሊሳካ አይችልም ነበር።

የዚህ ትዕይንት ሌላው አስገራሚ ጉዳይ በገጸ ባሕርይ ላይ ያደረሰው ለውጥ ነው። በቤንችሊ ልቦለድ ሁፐር በብረት ቤቱ ውስጥ ይሞታል። በአውስትራሊያ ባሕር ግን አንድ ሻርክ ሰው በሌለበት ቤት ገመድ ተጠልፎ በከፍተኛ ኃይል ሲታገል ተቀረጸ። ምስሉ እጅግ ድንቅ ስለነበር ሊተው አልተቻለም፤ ሰው ግን የለበትም። ስለዚህ ታሪኩ ተለውጦ ሁፐር ከቤቱ አምልጦ በባሕሩ ወለል ላይ እንዲደበቅና በሕይወት እንዲተርፍ ተደረገ። የአንድ ገጸ ባሕርይ ዕጣ በአንድ ዓሣ ተወሰነ ማለት ነው። የልቦለዱ ሁፐር ከብሮዲ ሚስት ጋር የሚማግጥ፣ ለመሞት የተገባ ሰው ነበር። የፊልሙ ሁፐር ያ ጉዳይ ስለተቀነሰለት መትረፉ ከትልሙ ጋር አልተጋጨም። አደጋው የሠመረው ቀደም ሲል በተደረገው የገጸ ባሕርይ ለውጥ ላይ ስላረፈ ነው።

5. የዕውቀት ግድፈት

ሁለተኛው ምድብ ስለ ዓለም ባለማወቅ ወይም አውቆ በመተው የሚመጣ ግድፈት ነው። በፊልሙ ፍጻሜ ሻርኩ የጠላቂ አየር ሲሊንደር በአፉ ይዞ ወደ ብሮዲ ሲመጣ ብሮዲ በጠመንጃ ሲሊንደሩን ይመታዋል፤ ሻርኩም በፍንዳታ ይበጣጠሳል። በሲሊንደር ውስጥ ያለው የታመቀ አየር እንጂ ፈንጂ አይደለም። ጥይት ቢበሳው አየሩ በኃይል ይወጣል፣ ሲሊንደሩም እንደ ሮኬት ሊወነጨፍ ይችላል እንጂ በእሳት ነበልባል አይፈነዳም። በአንድ የአሜሪካ የቴሌቪዥን የሳይንስ ዝግጅት ላይ ተሞክሮም የታየው ይኸው ነው።

ቤንችሊ ራሱ ይህን ፍጻሜ አጥብቆ ተቃውሞ ነበር። በልቦለዱ ውስጥ ሻርኩ በቁስሉ ተዳክሞ ብሮዲ ዘንድ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ይሞታል። ስፒልበርግ በበኩሉ ተመልካቹን ለሁለት ሰዓት ያህል ከያዘው በመጨረሻ የሚያሳየውን ሁሉ እንደሚያምነው ተከራከረ። በዚህ ክርክር ውስጥ የሚጋጩት ሁለት የእውነት ዓይነቶች ናቸው፤ የዓለም እውነትና የድርሰቱ እውነት።

የድርሰቱ እውነት እንዴት እንደተዘጋጀ እንመልከት። ፊልሙ ፍጻሜውን አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ያናግራል። ብሮዲ ስለ ሻርኮች መጽሐፍ ሲገልጥ፣ በአንዱ ገጽ ላይ ሲሊንደር በአፉ የያዘ ሻርክ ሥዕል በቅጽበት ይታያል። ኋላም በጀልባዋ ላይ ብሮዲ ያልተገባ ገመድ ስቦ ሲሊንደሮቹ ሲንከባለሉ፣ ሁፐር ተቆጥቶ በእነርሱ መቀለድ ሊያፈነዳቸው እንደሚችል ያስጠነቅቀዋል። ይህን የሚለው ሌላ ሰው ሳይሆን በታሪኩ ውስጥ ሳይንስን የሚወክለው ገጸ ባሕርይ ነው። ንግሩ በትክክለኛው አፍ ላይ ተቀመጠ። በመሆኑም ፍንዳታው በዓለም ዘንድ የማይሆን፣ በታሪኩ ውስጥ ግን የሚጠበቅ ሆነ። አርስቶትል ሊሆን ከሚችል ግን ከማያሳምን ነገር ይልቅ ሊሆን የማይችል ግን የሚያሳምን ነገር ይመረጣል ያለው ለእንዲህ ያለው ነው። ውኃ የሚፈራው፣ በጀልባዋ ላይ ከሦስቱ ሁሉ ያልሠለጠነው ብሮዲ ብቻውን ቀርቶ በራሱ እጅ ማሸነፍ ነበረበት። በልቦለዱ ፍጻሜ ግን ብሮዲ ምንም አያደርግም፤ ሻርኩ ራሱ ይሞትለታል። እውነቱ ከቤንችሊ ጋር ነው፤ ጥበቡ ግን ከስፒልበርግ ጋር ነው።

6. የክዊንት ተረክ

ሦስተኛው ምድብ የታሪክ ግድፈት ነው። እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል።

በሌሊት፣ በጀልባዋ ጓዳ ውስጥ፣ ሦስቱ ሰዎች ጠጥተው ጠባሳቸውን እያሳዩ ሲሳሳቁ ክዊንት በድንገት ስለ አንዲት የጦር መርከብ ይተርካል። መርከቧ «ኢንዲያናፖሊስ» ናት፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ በሂሮሺማ ላይ የተጣለውን ቦምብ ክፍሎች ቲኒያን ወደምትባል ደሴት ያደረሰች፣ ከዚያም በጃፓን የባሕር ሰርጓጅ ተመትታ የሰጠመች እውነተኛ መርከብ ናት። ተረኩ በቤንችሊ ልቦለድ ውስጥ የለም። ሐሳቡን ያመጣው የተውኔት ደራሲው ሃዋርድ ሳክለር ሲሆን ጆን ሚሊየስ አስፋፋው፤ ክዊንትን የሚተውነው ሮበርት ሾው ደግሞ ራሱ የልቦለድና የተውኔት ደራሲ ስለነበር ቀንሶና አስተካክሎ የመጨረሻ ቅርጹን ሰጠው። ፍንዳታ የለም፣ ሻርክ የለም፣ ምልሰት እንኳ የለም፤ አንድ ሰው ተቀምጦ ይናገራል። በፊልሙ ውስጥ ከሁሉ የሚያስፈራው ይኸው ተረክ መሆኑ የቃልን ኃይል ለሚያጠኑ ሰዎች ትልቅ ማስረጃ ነው።

በዚህ ተረክ ውስጥ ሁለት ግድፈቶች ይገኛሉ። አንደኛ፣ ክዊንት መርከቧ የሰጠመችው ጁን 29 ቀን 1945 ነው ይላል። የሰጠመችው ጁላይ 30 ቀን ነው። ሁለተኛ፣ 1,100 ሰዎች ወደ ባሕር ገብተው 316 ብቻ እንደወጡና የቀሩትን ሻርኮች እንደወሰዷቸው ይናገራል። 316ቱ ትክክል ነው። ነገር ግን መርከቧ ላይ ከነበሩት 1,200 የሚጠጉ ሰዎች 300 ያህሉ ከመርከቧ ጋር ሰጥመዋል፤ ወደ ባሕር የገቡት 900 ያህል ናቸው። ከእነዚህም መካከል አብዛኞቹ የሞቱት በቁስል፣ በውኃ ጥም፣ በፀሐይና የጨው ውኃ በመጠጣት ነው። ሻርኮች ገድለዋል፤ ሁሉንም ግን አልገደሉም።

ሁለቱን ግድፈቶች እንመዝን። ስለ ሁለተኛው፣ ተከራካሪ ሊኖር ይችላል። የሚናገረው ክዊንት እንጂ ፊልሙ አይደለም። ክዊንት ቀሪ ዘመኑን ሻርክ በማደን ያሳለፈ፣ ከዚያ ሌሊት ጀምሮ የሕይወት ጃኬት ማድረግ የተወ ሰው ነው። ለእርሱ ሟቾቹ ሁሉ የሻርክ ሟቾች ናቸው። ቁጥሩን ሲያጋንን የምንሰማው ታሪክን ሳይሆን ጥላቻውን ነው። ስለዚህ ይህ ግድፈት የተራኪው ነው፤ ገጸ ባሕርይውን ይገልጻልና ሥራ ሠርቷል።

የቀኑ ስሕተት ግን እንዲህ ሊባል አይችልም። ተማሪ ሆይ፣ እዚህ ላይ ቆም በል! አንድን ስሕተት «የማይታመን ተራኪ» ስሕተት ነው ለማለት ምልክት ያስፈልጋል። ሌላ ገጸ ባሕርይ ሊያርመው፣ ተራኪው ራሱ ሊጠራጠር፣ ወይም ስሕተቱ ስለ ተራኪው አንድ ነገር ሊነግረን ይገባል። እዚህ ግን ከሦስቱ አንዱም የለም። እንዲያውም ያንን ሌሊት ለሠላሳ ዓመት በአካሉና በልቡ የተሸከመ ሰው ቀኑን ይረሳል ማለት ገጸ ባሕርይውን ያፈርሰዋል። ስሕተቱ የክዊንት ሳይሆን የጸሐፊዎቹ ነው። ደግሞም ያስፈልግ አልነበረም፤ «ጁላይ 30» ቢባል ከአረፍተ ነገሩ ምት አንዳች የሚጎድል ነገር አልነበረም። «የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» እንዲሉ፣ በአንድ አፍታ የተነገረው ቀን ፊልሙ በታየበት ሁሉ ሲደጋገም ይኖራል።

እንግዲህ ሚዛኑ ያልጠበቅነውን ውጤት ሰጠን ማለት ነው። የፊዚክስን ሕግ የሚጥሰው ግዙፍ ፍንዳታ ታለፈ፤ አንድ ወር ብቻ የሳተው ትንሽ ቀን አልታለፈም። የግድፈት ክብደት በመጠኑ ሳይሆን በአስፈላጊነቱ የሚለካ መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ ለማግኘት ያስቸግራል።

7. ለንጽጽር ያህል

ከዚህ በኋላ የመጡ የሻርክ ፊልሞችን በዚሁ ሚዛን በፍጥነት መቃኘት ይቻላል። ቀደም ሲል የተጠቀሰው የ1987ቱ አራተኛ ክፍል «በቀል» የሚል መጠሪያ የተሰጠው ሲሆን፣ አንድ ሻርክ የብሮዲን ቤተሰብ ለመበቀል ከአሜሪካ ሰሜን ምሥራቅ ጠረፍ እስከ ባሃማስ ደሴቶች ይከተላል። ሻርክ የድምፅ አካል የሌለው ፍጡር ሆኖ ሳለ እንደ አንበሳ ያገሣል። ተዋናዩ ማይክል ኬን ከባሕር ወጥቶ ጀልባ ላይ ሲወጣ ሸሚዙ ደረቅ ነው። ተመልካች ሸሚዙን ማየት መቻሉ ራሱ ፍርድ ነው። ልቡ የተሰቀለ ሰው ሸሚዝ አይቆጥርም። የተከታታይነት ግድፈት በብዛት የሚታየን የጥበቡ ስሕተት አስቀድሞ ሲፈጸም ነው።

በ1999 የቀረበው የሬኒ ሃርሊን «ዲፕ ብሉ ሲ» በሌላ መንገድ ሄደ። በዚህ ፊልም ሻርኮች ወደ ኋላ ይዋኛሉ፤ ሻርክ ወደ ኋላ መዋኘት አይችልም። ሆኖም አንድ ገጸ ባሕርይ ይህ እንደማይቻል ራሱ ይናገራል። ግድፈቱ ከተመልካቹ በፊት በገጸ ባሕርይው ተለቀመ፤ በምርምር አንጎላቸው የገዘፈ ሻርኮች ከተፈጥሯቸው መውጣታቸውን የሚያሳይ ማስረጃም ሆነ። ይህ ግድፈትን ወደ ትርጉም የመለወጥ ስልት ነው።

«ኦፕን ዎተር» (2003) ደግሞ ማሽን ሳይሆን እውነተኛ ሻርኮችን ተጠቀመ። ተዋንያኑ ከጠላቂ ልብሳቸው በታች የብረት ጥልፍልፍ ለብሰው በሻርኮች መካከል ተንሳፈፉ። ከዓሣው አንጻር የሚነቀስ የለበትም። ነገር ግን መነሻው በ1998 በአውስትራሊያ ባሕር ተረስተው የቀሩ ጥንዶች እውነተኛ ታሪክ ሲሆን፣ እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደሞቱ የሚያውቅ የለም፤ ፊልሙ ግን ሻርክን አስፈረደበት። የምስሉ እውነተኛነት የታሪኩን ግምት ደበቀው። ፍጹም ከግድፈት የጸዳ ምስልም ሊዋሽ ይችላል ማለት ነው።

8. ከመጋረጃው ወዲያ

እስካሁን ያየነው ሚዛን ግድፈቱን በሥራው ውስጥ ብቻ የሚመዝን ነው። አንድ ግድፈት ግን ከሥራው ወጥቶ ወደ ዓለም ሲሄድስ?

የ«ጆዝ» ዋና መነሻ፣ አንድ ሻርክ አንድን የባሕር ዳርቻ ርስቱ አድርጎ ሰው እየመረጠ ይበላል የሚለው፣ አውስትራሊያዊው ሐኪም ቪክቶር ኮፕልሰን በ1950ዎቹ ያስፋፋው ሐሳብ ነበር። የሳይንስ ማስረጃ አልተገኘለትም። ፊልሙ ማስረጃ አድርጎ የሚጠቅሰው በ1916 በኒው ጀርሲ ጠረፍ የደረሰውን እውነተኛ አደጋ ነው። በዚያን ጊዜ በጁላይ ወር አምስት ሰዎች ተነክሰው አራቱ ሞቱ። ጥፋተኛው አንድ ነጭ ሻርክ መሆኑ ግን እስከ ዛሬ አከራካሪ ነው። ይህ ግድፈት በአርስቶትል ሚዛን ያልፋል፤ ያለ እርሱ ታሪኩ ራሱ የለምና። ውጤቱ ግን ከመጋረጃው ጀርባ አልቀረም። ከፊልሙ በኋላ ሻርክ ማደን በአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ የጀግንነት ስፖርት ሆነ። በዓለም ዙሪያ በዓመት ሻርክ ያለ ትንኮሳ የሚገድላቸው ሰዎች በአማካይ ከ10 አይበልጡም፤ በ2013 የወጣ ጥናት ግን ሰው በዓመት የሚገድላቸውን ሻርኮች ወደ 100 ሚሊዮን ገምቷል። ለዚህ እልቂት ዋናው ምክንያት የንግድ ዓሣ ማጥመድ እንጂ ፊልም አይደለም፤ ይህን መደበቅ ሌላ ግድፈት ይሆናል። ቢሆንም ፊልሙ ለእልቂቱ የሚያዝን ልብ አሳጥቷል። ቤንችሊ በ2006 እስኪሞት ድረስ ስለ ሻርኮች ጥበቃ ሲከራከር ኖረ፤ ስፒልበርግም በ2022 በሻርኮች ላይ ለደረሰው ጥፋት ከልቡ እንደሚጸጸት ተናግሯል።

ለእኛ ከባሕር ርቀን ላደግን ተመልካቾች ጉዳዩ የራሱ መልክ አለው። ሻርክን በዓይኑ ያላየ፣ በቋንቋውም ሻርክና ዓሣ ነባሪ ሲምታቱ የሚሰማ ተመልካች፣ ፊልሙን የሚያርምበት ሌላ ዕውቀት የለውም። የማርታስ ቪንያርድ አጥማጅ ፈገግ ብሎ የሚያልፈው ስሕተት እዚህ ዕውቀት ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ የሃያሲ ኃላፊነት በተመልካቹ ርቀት ልክ ይጨምራል።

የክዊንት ተረክ ግን ሌላም ፍሬ አፍርቷል። የ«ኢንዲያናፖሊስ» አዛዥ ሻምበል ቻርልስ ማክቬይ መርከቧን በጥምዝምዝ መንገድ አልነዳም ተብሎ በጦር ፍርድ ቤት ተፈርዶበት ነበር፤ የጃፓኑ ሰርጓጅ አዛዥ ቀርቦ ጥምዝምዙ ለውጥ አያመጣም ነበር ብሎ እንኳ መስክሮለት ነበር። ማክቬይ በ1968 ራሱን አጠፋ። በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ «ጆዝ»ን አይቶ በክዊንት ተረክ ተገፋፍቶ ለትምህርት ቤት ሥራ የመርከቧን ታሪክ ማጥናት ጀመረ፤ የተረፉትንም ባሕርተኞች እየጠየቀ መረጃ ሰበሰበ። ከተረፉት ጋር የተደረገው ትግል አድጎ በ2000 የአሜሪካ ምክር ቤት የሻምበሉን ንጽሕና በውሳኔ አጸና። ቀኑን የሳተው፣ ቁጥሩን ያጋነነው ተረክ ለአንድ የሞተ ሰው ፍትሕ አስገኘ።

9. ማጠቃለያ

ከዚህ ቅኝት ሦስት ነገሮችን መጨበጥ ይቻላል። አንደኛ፣ የግድፈት መጠን የግድፈትን ክብደት አይወስንም፤ መጠየቅ ያለበት ዓላማው ያለ ግድፈቱ ሊሳካ ይችል ነበርን የሚለው ነው። ሁለተኛ፣ ግድፈትን ለተራኪ ወይም ለገጸ ባሕርይ ከመስጠት በፊት ከሥራው ውስጥ ምልክት መፈለግ ይገባል፤ አለበለዚያ ለደራሲው ጥብቅና መቆም ይሆናል። ሦስተኛ፣ በሥራው ውስጥ የታለፈ ግድፈት ከሥራው ውጭ የሚያደርሰውን መከታተልም የሂስ አካል ነው። ሁለቱን ፍርዶች ማደባለቅ ግን አይገባም። «ጆዝ» ለሻርኮች ክፉ ሆነ ብሎ ፊልሙ ደካማ ነው ማለት፣ ወይም ፊልሙ ድንቅ ነው ብሎ ጉዳቱን መካድ፣ ሁለቱም ያው ናቸው።

ተማሪው ስሕተት መልቀሙን አይተው። ያንን ያልለቀመ በጥንቃቄ አላነበበም። ነገር ግን የለቀመውን ይዞ አንድ እርምጃ ይሂድ፤ ከእያንዳንዱ ግድፈት አጠገብ «ለምን?» እና «ባይኖርስ?» የሚሉትን ሁለት ጥያቄዎች ይጻፍ። ከዚያ በኋላ የሚጽፈው ምናልባት ከዝርዝሩ ያጠረ ይሆናል፤ ሂስ ግን ይሆናል።